እናቴን ደንገጎ ያስወጣት ወረቀት፦ ሐኪሞቻችን ክስ ይፈራሉ እንዴ?

የቀፊራ ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:40

ሰላም የድሬ ልጆች፣ የሐረር ልጆችም። ባለፈው ሳምንት ብጽፈው ኖሮ ስድብ ብቻ ነበር የሚሆነው። አሁን ትንሽ በርዶልኛል።

እናቴ ስኳር አለባት። 64 ዓመቷ ነው። ግራ እግሯ ተረከዙ አካባቢ አበጠና መግል ቋጠረ። ቅዳሜ ጠዋት ሰፈራችን ካለ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፤ ትሁትም ነው። እግሯን በጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ስኳሯን ለካ፣ 212 ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ብሎ ወረቀት አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። «ሆስፒታል ትታይ» አለን።

አንድ ሆስፒታል ሄድን። ሦስት ሰዓት ጠበቅን። እዚያም ሌላ ወረቀት ተጻፈልን። ሐረር ሂዱ ተባልን። እህቴ መኪና ውስጥ አነበበችው፦ «ፎር ቤተር ማኔጅመንት»። ለተሻለ ሕክምና ማለት ነው አለችን።

አምቡላንሱ ወጥቷል ስለተባለ ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ እናቴ በየመጠምዘዣው እግሯን በሁለት እጇ ይዛ «ያ ረቢ» ትላለች። ሐረር ስንገባ መሽቷል። ተረኛው ሐኪም አያት፣ ማደንዘዣ ወጋት፣ በምላጭ ከፈተው፣ መግሉን አፈሰሰ፣ አጠበው፣ ጎዝ ሞላበት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ጓንቱን እያወለቀ «ይኼ እኮ እዚያው የሚሠራ ነው» አለኝ።

ወላሂ፣ የመጀመሪያው ዶክተር አያውቅም ብዬ አላማውም። ያውቃል። ዓይኑ ላይ አይቼዋለሁ፣ ፈርቷል። አንድ ዘመዴ «ክስ ነው የሚፈሩት» አለኝ። እውነት ነው? ድሬ ውስጥ ሐኪም የከሰሰ ሰው ታውቃላችሁ?

ባለባጃጁ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:58

አብሽር ወንድሜ፣ እማማን አላህ ያሽርልን። እኔ ሌሊት ነው የምሠራው። በሽተኛ ከአንድ በር ወደ ሌላ በር ማመላለስ ለምጃለሁ። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ደግሞ ወደ ላይ። ሁሉም ወረቀት ይዘው ነው የሚወጡት። አንዳንዴ እኔ የምቀበለው ሂሳብ ከካርዱ ይበልጣል። ያሳፍረኛል አቦ።

ገበያ ነው | ማክሰኞ፣ ማታ 4:20

ፈራ ፈራ እያላችሁ አታሳዝኑን። እኔ ባለፈው ወር ራስ ምታት ይዞኝ አንድ የግል ቦታ ሄጄ የደም፣ የሽንት፣ የሰገራ፣ አልትራሳውንድ፣ መጨረሻ ላይ «ሲቲ ስካንም ብትነሣ» ተባልኩ። ራሴን ነው የሚያመኝ፣ ሆዴን አልትራሳውንድ! ይኼም ክስ ፍራቻ ነው? ማሽኑ ዕዳ አለበት፣ ዕዳው መከፈል አለበት። ሌላው ወሬ ነው።

አወያይ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:25

የተቋምም የሐኪምም ስም አትጥቀሱ። የጠቀሰ ይጠፋል።

ተረኛው | ረቡዕ፣ ሌሊት 7:15

የቀፊራ ልጅ፣ ያንን ክሊኒክ አላውቀውም። ሐኪሙን ግን አውቀዋለሁ። እኔም በቦታው ብሆን ያንኑ ወረቀት ነበር የምጽፍልህ። ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ እዚሁ ምሥራቅ ነው የምሠራው።

የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ምላጭ ማሳረፍ ሥራው ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ስኳሩ የእግሯን ደም ሥር አጥብቦት ከሆነ ቁስሉ አልድን ይላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጣት ይጠቁራል። ከዚያ እግር ይቆረጣል። እግሩን የወሰደው ስኳሩ ነው፤ ምላጩ ባይነካውም መግሉ ይባስ ያፋጥነው ነበር። ቤተሰብ ግን የሚያስታውሰው ሌላ ነው፦ «በእግሯ ሄዳ ገባች፣ እሱ ቀደዳት»። ወረቀት ጽፎ የላከን ሐኪም ማንም አያስታውሰውም።

ከዓመታት በፊት የሆነብኝን ላውጋችሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ወጣት ትንፋሽ አጥሮት በሰው ተደግፎ መጣ። መርፌ አዘዝኩ። ነርሷ ወጋችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሞተ። ምን እንደገደለው ቤተሰቡ ጥርጣሬ የለውም። መርፌ ገባ፣ ልጁ ሞተ፣ በቃ። ወንድሙ ግድግዳውን በጡጫ ይመታል። እናቱ ጮኻ አትጮኽም፤ ዝም ብላ እጄን ታያለች።

ፖሊሶች መጡ። ነጭ ጋውኔን ሳላወልቅ ጣቢያ ሄድኩ። ስልኬን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ቃሌን እየሰጠሁ መሳቢያው ውስጥ ሲንዘር ይሰማኛል። እናቴ ነበረች፤ ወሬው ደርሷት። ለመርማሪው ስለ ሳንባ የደም ሥር ላስረዳው እሞክራለሁ። እሱ «አጭር አድርገው ዶክተር» ይለኛል። እስኪነጋ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አደርኩ።

ጉዳዩ ለባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ተመራ። ወራት ፈጀ። በመጨረሻ «የሙያ ግድፈት አልተገኘም» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ። ያንን ደብዳቤ ቤት አስቀምጬዋለሁ፤ ምን እንደሚጠቅመኝ ግን እንጃ።

ከዚያ ወዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆንኩላችሁ። ማታ መርፌ ማዘዝ እጠላለሁ። ድሮ ካርድ ላይ ሁለት መስመር ጽፌ አልፍ ነበር፤ አሁን ገጽ እሞላለሁ። የሚገርመው፣ ስጽፍ ፊቴ ድቅን የሚለው የሚቀጥለው ሐኪም ሳይሆን ዓቃቤ ሕጉ ነው። ትንሽ ያጠራጠረኝን ሁሉ እልካለሁ። ገበያ ነው ላልከው፣ የግል ቦታ ያለውን አልክድም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ ራሱም አይለየውም።

ጥቁር ካባ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:05

ጠበቃ ነኝ። ብዙ ሰው «ክስ» ሲል አንድ ነገር ይመስለዋል። አይደለም።

የወንጀሉን ላስቀድም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል። ንዑስ አንቀጽ 2 የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለባቸውን ለይቶ ያነሣል፤ ምሳሌ አድርጎ የሚጠራውም ሐኪምንና አሽከርካሪን ነው። ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ተብሎ ከተጣሰ ደግሞ ወደ ጽኑ እስራት ይሄዳል፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት። ለአካል ጉዳት አንቀጽ 559 አለ።

ካሳው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ካልጠበቀ ኃላፊ ነው ይላል። ልብ በሉ፣ በሽተኛው ባለመዳኑ ብቻ ሐኪም ኃላፊ አይሆንም። የሙያው ደንብ መጣሱ ነው የሚታየው። ሆስፒታሉም ለቀጠራቸው ሐኪሞች ጥፋት በካሳ ይጠየቃል፤ 2651 ነው። ከውል ውጭ በሚቀርብ ክስ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ ካለፈ በይርጋ ይቀራል። አሁን ደግሞ የሚያስቃችሁን ልንገራችሁ። ለሞራል ጉዳት ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። አንድ ሺህ! በ1952 ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ከድሬ ሐረር ለደርሶ መልስ ኮንትራት አይበቃም።

ስለዚህ የቀፊራ ልጅ፣ ሐኪሞቻችን የሚፈሩት ገንዘቡን አይደለም። ተረኛው እንደነገረን ጣቢያውን ነው። ባሕር ማዶ የሐኪም ክስ በአብዛኛው የገንዘብ ክርክር ነው፤ መድን ድርጅት ይከፍላል። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚመጣው ፖሊስ ነው። ስህተትና ቸልተኝነት የሚለዩት ከዚያ በኋላ ነው።

ባለባጃጁ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:11

ቆይ ቆይ። እኔና ዶክተሩ አንድ አንቀጽ ላይ ነን?! ኪኪኪ። ዋርያ እናቴ ብትሰማ በደስታ ትሞታለች። እኔ ግን ፈራሁ ብዬ ተሳፋሪዬን «ለተሻለ ባጃጅ» ብዬ መንገድ ላይ አላወርድም።

ጥቁር ካባ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:14

አንድ ላይ ናችሁ። ልዩነቱ፣ አንተ የምትጭነው አብዛኛው ጤነኛ ነው።

ከሩቅ ያለሁ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 10:30

ለገሃር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ አሁን አሜሪካ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። የናንተን ሳነብ ገረመኝ። እዚህ ፍርሃቱ ያንኑ ያህል ነው፤ መልኩ ግን ተገልብጧል።

እዚህ ማንም በሽተኛ አይሸኝም። ሁሉም ይነሣል፣ ሁሉም ይመረመራል። አንድ ልጅ ከሶፋ ወድቆ ግንባሩ አብጦ ይመጣል። ይስቃል፣ ይሮጣል። ሐኪሙ እንደማያስፈልገው ያውቃል። ግን ሲቲ ስካን ያዛል። አንዱን ሐኪም «ለምን?» ብዬ ብጠይቀው «ከሺህ አንዱ ከሆነ ፍርድ ቤት የምቆመው እኔ ነኝ» አለኝ። ልጁ ጨረሩን ወስዶ፣ ቤተሰቡ ሂሳቡን ይዞ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ክስ በሚበዛባቸው ሙያዎች ላይ ያሉ 824 ሐኪሞች ተጠይቀው 93 ከመቶዎቹ ራሳቸውን ለመከላከል ሲሉ አሠራራቸውን እንደሚለውጡ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በየዓመቱ 7.4 ከመቶው ሐኪም እንደሚከሰስ አሳየ። ካሳ እስከ መክፈል የሚደርሰው ግን 1.6 ከመቶው ብቻ ነው። እንደ አንጎል ቀዶ ሕክምና ባሉት ሙያዎች 65 ዓመት እስኪሞላው ያልተከሰሰ ሐኪም የለም ማለት ይቻላል፤ 99 ከመቶ ነው።

አንድ ደስ የሚለኝ ጥናት አለ፤ የቆየ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1997። ተከስሰው የማያውቁና የተከሰሱ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች ከበሽተኛ ጋር ሲያወሩ ተቀዳ። ያልተከሰሱት በአማካይ 18.3 ደቂቃ ይቀመጣሉ፣ የተከሰሱት 15። ያልተከሰሱት ይስቃሉ፣ ያስቃሉም። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ለበሽተኛው አስቀድመው ይነግሩታል። ሦስት ደቂቃ ናት ልዩነቷ።

ተረኛው | ረቡዕ፣ ማታ 1:02

እህቴ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ! እኔ ጋ እኮ በቀን ስልሳ ሰው ይገባል። ሦስቷን ደቂቃ ከየት አምጥቼ ልሳቅ?

ላብ ውስጥ | ረቡዕ፣ ማታ 1:40

ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ድሬ ላይ ትኩሳት ይዞ የመጣ ሰው ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2006 ዴንጊ ገባ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማውን በሙሉ አስተኛው፤ እኔ ራሴ ሁለት ሳምንት መዳፌን መጨበጥ አልቻልኩም። በ2014 ደግሞ ከተማ ውስጥ በምትራባው አዲሷ ትንኝ ምክንያት ወባ ተነሣ። ሐኪሙ አንዱ እንዳያመልጠው ሁሉንም ያዛል። እስከዚህ እስማማለሁ። ዋይዳል የሚባለውን የታይፎይድ ምርመራ ግን ተዉኝ። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ታይፎይድ ነው አይደለም ብሎ በቅጡ አይለይም፤ ሐኪሙም ያውቃል። ግን ካልታዘዘ በሽተኛው ራሱ «ሳይመረምረኝ ላከኝ» ብሎ ይቆጣል። እኛም ተመርማሪዎች የለንበትም አትበሉ።

ጀጎል በር | ረቡዕ፣ ማታ 3:25

ከዚያኛው ጫፍ ልናገር፤ ወረቀቱን የምቀበለው እኔ ነኝ። ሐረር ቀዶ ሕክምና እየተማርኩ የምሠራ ሐኪም፣ ሬዚደንት ነኝ።

ዓርብ ማታ ቁጭ ብለህ ቁጠር። ከድሬ፣ ከገለምሶ፣ ከባቢሌ፣ ከጭናክሰን ይመጣል። ሁሉም ላይ ያቺው ቃል፣ «ፎር ቤተር ማኔጅመንት»። ከአምስቱ ሁለቱ እዚያው የሚሠሩ ናቸው ብዬ እገምታለሁ፤ ግምቴ ነው። ስልክ የሚደውል የለም። አንዳንዱ ወረቀት ላይ ምን መድኃኒት እንደተሰጠ እንኳ አይጻፍም፤ የሰጠ ይጠየቃላ።

የምናደደው በመግል አይደለም። መግል ቢያድርም ብዙ ጊዜ ይጠብቃል። የተጣመመ አንጀት ግን አይጠብቅም። ከሩቅ ገጠር ሁለት ቦታ ተሽከርክሮ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ አንጀቱ ጠቁሮ ይደርሰኛል። ከፍቼ ስቆርጥ አድሬ ጠዋት ይሞታል። ያኔ የሞተው እኔ እጅ ላይ ነው። ጣቢያ የምጠራውም እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ሐኪም ከነወረቀቱ ንጹሕ ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እኛ ጋ የፈሩት የሚደርሰው ሌላ ሰው ላይ ነው።

ተረኛው ወንድሜ፣ ቂም አልያዝኩብህም። ግን ከመላክህ በፊት ደውልልኝ። ስልክ ላይ ሆነን አብረን እንወስን። ሁለት ሰው የወሰነውን መከላከል አንድ ሰው ከወሰነው ይቀላል።

አዋላጇ | ረቡዕ፣ ማታ 4:10

የኛን ቤት አላነሣችሁትም። በሥነ ምግባር ኮሚቴ ክስ የሚበዛው በማዋለድና በቀዶ ሕክምና ላይ ነው። ሁለት ነፍስ ይዘን ነው የምንሠራው፤ አንዱ እንኳ ቢጎድል ደስታ የጠበቀ ቤተሰብ ነው ደጅ ያለው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ፓርቶግራፍ የሚባል ወረቀት አለ። ምጥ ላይ ያለችን ሴት በየጊዜው እያየን፣ የሕፃኑን የልብ ምት፣ የማሕፀን በሩን አከፋፈት ነጥብ በነጥብ የምንስልበት ነው። መስመሩ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል «ምጡ ዘገየ» ብሎ ይጮህልሃል። ታዲያ ከወለደች በኋላ ቁጭ ተብሎ ሲሞላ አይቻለሁ። እኔም ሞልቻለሁ። ነጥቦቹ ቆንጆ ሆነው መስመር ላይ ይደረደራሉ። ማንንም አያድንም፣ ፋይሉን ያድናል።

ሁለተኛው ፊርማ ነው። አንዲት እናት ለኦፕራሲዮን ተዘጋጅታ፣ ባሏ አወዳይ ጫት ሲጭን ስልኩ አልነሣ ብሎ ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅነው። እሷ እኮ አዋቂ ናት፣ አእምሮዋ ሙሉ ነው፣ «አድርጉልኝ» ትላለች። ፊርማዋ በቂ ነበር። «ባልየው ቢከሰን?» የሚል ድምፅ ነው ያቆየን። ሕፃኑ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። ያቺን ሃምሳ ደቂቃ ግን ዛሬም እቆጥራታለሁ።

ኦፕራሲዮን በዛ ለሚሉ ደግሞ፣ የቱ ጋ? በ2008ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ በኦፕራሲዮን የወለዱት 2 ከመቶ ነበሩ። አዲስ አበባ 21። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጠቅሰው የኖረው ከ10 እስከ 15 ነው። አንዱ ጋ ያለ ልክ ይበዛል፣ ሌላው ጋ ሳይደርስላት ትሞታለች።

ስሜ ይቅር | ረቡዕ፣ ሌሊት 5:48

ሁላችሁም ስለ ፍርሃታችሁ አወራችሁ። እኔ የከሰስኩት ነኝ።

የመጀመሪያ ልጄ ነበር። ዘጠኝ ወር ሙሉ ደህና ነበርኩ። ምጡ አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን ቆየ። ስጠራ «ገና ነው» ይሉኛል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተሯሯጡ። ልጄን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለባለቤቴ ሰጡት። ለኔ ማንም ምንም አላለኝም።

ሦስት ቀን ተኛሁ። ሐኪሙ በየጠዋቱ እየመጣ ስፌቴን ያያል። ስፌቴን ብቻ። ዓይኔን አያይም። ስንወጣ ኮሪደር ላይ ከሩቅ አየኝና ዞሮ በሌላ በር ገባ። ካርዴን ስጠይቅ «ጠፍቷል» ተባልኩ። ያኔ ነው የከሰስኩት። ገንዘብ አልጠየቅኩም። ምን እንደሆነ እንዲነግሩኝ ብቻ ነው ማመልከቻ ያስገባሁት።

ቁጭ ብሎ «የልጅሽ ልብ ምት ወርዶ ነበር፤ ዘገየንብሽ» ቢለኝ ማልቀሴ አይቀርም፤ ጣቢያ ግን አልሄድም ነበር። ፈርቶ ይሆናል። የሱ ፍርሃት ዞሮ ሲሄድ እኔ እዚያው ኮሪደር ላይ ቀረሁ። እስከ ዛሬም ምን እንደሆነ አላውቅም።

ገበያ ነው | ረቡዕ፣ ሌሊት 5:55

እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ምንም የምለው የለኝም።

ተረኛው | ሐሙስ፣ ሌሊት 6:30

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያ ወጣት ሲሞት አለቃዬ መጀመሪያ ያለኝ «ቤተሰቡን እንዳታናግር» ነው። አላናገርኩም። እናቱ እጄን ስታይ ዓይኔን መሬት ተከልኩ። እሷም ምናልባት እንዳንቺ አንድ ቦታ ትጽፍ ይሆናል።

ከሩቅ ያለሁ | ሐሙስ፣ ከሰዓት 9:20

እዚህም ጠበቆች ለረጅም ጊዜ የሚመክሩት «አትናገር» ነበር። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አሠራሩን ለወጠው። ስህተት ከሆነ ራሳቸው ቀድመው ይናገራሉ፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ካሳ ያቀርባሉ። ስህተት ካልሆነም ቁጭ ብለው ያስረዳሉ። ክሱ ይጨምራል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ቀነሰ። ኒውዚላንድ ደግሞ ከ1974 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሕክምና የተጎዳን ሰው መንግሥት ያቋቋመው ፈንድ ይክሰዋል፤ ጥፋተኛ አስቀድሞ ይፈለግ አይባልም። የኛ አገር ኪስ ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። መናገር ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

የልጅቷ እናት | ሐሙስ፣ ማታ 2:15

እኔ ክስም አላውቅ፣ አንቀጽም አላውቅ። አንድ ጥያቄ አለኝ ለዶክተሩ።

ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ከጉሮሮ ሕመም የመጣ የልብ በሽታ አለባት። በየ28 ቀኑ ቤንዛቲን የሚባል የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋ ተብላለች፣ ለዓመታት። መድኃኒቱን ገዝቼ፣ ሲሪንጁን ይዤ፣ የሚወጋልኝ አጣለሁ። አንዱ «ሐኪማችን የለም» ይለኛል። አንዱ «እዚህ አንወጋም» ብሎ ግድግዳው ላይ ለጥፏል። ባለፈው ወር አራት ቦታ ዞርኩ። አፈተኢሳ ያሉት ዘመዶቼ ጋ የምታውቀኝ አንዲት ነርስ ነበረች፣ እሷ ነበረች የምትወጋልኝ። «ቁርስ በልተሻል? ውሃ ጠጥተሻል?» ትላታለች። አስተኝታ ነው የምትወጋት። ድንገት ብትታመም የሚሰጠውን አድሬናሊን አጠገቧ ታስቀምጣለች። ከወጋቻት በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳትሞላ አትለቀንም፣ ተረት ታወራላታለች። አሁን አዲስ አበባ ተዛውራለች።

ለምንድን ነው ዶክተር የማትወጉላት? ልጄ ምን አደረገቻችሁ?

ተረኛው | ሐሙስ፣ ማታ 3:50

እህቴ፣ ልጅሽ ምንም አላደረገችም። «አንወጋም» ከሚሉት አንዱ እኔ ነኝ።

ለሌሎችም ላስረዳ። የጉሮሮ ቁስለት የሚያመጣው ባክቴሪያ በአንዳንድ ልጆች ላይ የልብ በር ያበላሻል። ዳግም ከያዛቸው ይብስባቸዋል። መከላከያው ያ መርፌ ነው፤ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ። ርካሽ ነው፣ የሚሠራም ነው። ግን ተወግተው ወዲያው የሞቱ ልጆች አሉ። ወሬው ጤና ጣቢያ ለጤና ጣቢያ ተዳርሶ ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ሁሉም የፔኒሲሊን አለርጂ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ግን በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ የልብ በራቸው ክፉኛ በተጎዳ ልጆች ላይ ሞቱ ከአለርጂ ይልቅ ከልቡ ድካም ሊሆን ይችላል አለ። ሳትራብ፣ ሳይጠማት፣ ተኝታ ትወጋ ይላል። ልቧ ክፉኛ የተጎዳ ከሆነ በሚዋጥ መድኃኒት መተካትም ይታሰብ ይላል። ነርሷ ሁሉንም ታውቃቸው ነበር፤ ወይ አንብባለች፣ ወይ ልጅሽን አይታ ገብቷታል።

መርፌ ሳንወጋት ልቧ ቢደክም ማንም አይከሰንም። ያንን ነው የምንሸሸገው።

የልብ አልትራሳውንድ ውጤቷ አለሽ? የሚቀጥለው መቼ ነው?

የልጅቷ እናት | ሐሙስ፣ ማታ 4:02

ውጤቱ አለ። በመጪው ማክሰኞ ነው።

ተረኛው | ሐሙስ፣ ማታ 4:20

የት እንደሆንኩ በውስጥ ጽፌልሻለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ነይ። ውጤቱን ይዘሽ ነይ፤ መጀመሪያ አየዋለሁ። ልቧ ክፉኛ ተጎድቶ ከሆነ ለልብ ሐኪም ሳልደውል አልወጋትም፣ እውነቱን ልንገርሽ። የሚወጋ ከሆነ ቁርስ አብያት፣ ውሃ አጠጫት። ነርሷም አጠገቤ ትቆማለች። ፊርማም አስፈርምሻለሁ። እሷን ይቅር በይኝ፣ ገና አልለቀቀኝም።

የልጅቷ እናት | ሐሙስ፣ ማታ 4:26

እፈርማለሁ ዶክተር። ጣት ካሉኝም ጣት። አላህ ይስጥልኝ። ከገንደ ቆሬ እስከዚያ ግን በዚያ ሰዓት ታክሲ እንጃ።

የቀፊራ ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 4:31

እናቴ ዛሬ ጎዙ ተቀየረላት፣ ቁስሉ እየዳነ ነው። የክሊኒኩን ልጅ ነገ ሄጄ ሰላም እለዋለሁ። ምን እንደምለው ገና አላወቅኩም።

ባለባጃጁ | ሐሙስ፣ ማታ 4:33

እመቤት፣ ማክሰኞ እኔ አደርሳችኋለሁ፣ ሂሳብ የለም። ግን ከመሳፈራችሁ በፊት ለኔም ፈርሙልኝ፤ ከዶክተሩ ጋር አንድ አንቀጽ ላይ ነን።